በጣቴ ያሰርኋቸው ዝንቦች

ማታ የዕለት ሥራዬን ከጨረስሁ በኋላ መብራቱን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቼ፣ ትንሿን ሞርሳ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጥብቄ፣ ከትንሽ ጣቴ ጥፍር የምታንስ መንጠቆ በመንጋጋዋ መካከል እሰካለሁ። ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት የማደርገው ነገር ለሚያየኝ ሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ክር እጠመጥማለሁ፣ ላባ አስራለሁ፣ ትርፉን እቆርጣለሁ፣ እቋጥራለሁ። ከሞርሳው ላይ የምትወርደው ግን ትራውት የተባለው ዓሣ እውነተኛ ነፍሳት መስላው የሚጎርሳት ሰው ሠራሽ ዝንብ ናት። ይህን የትርፍ ጊዜ ሥራ ከያዝሁ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ስጀምረው የፈለግሁት የማጠምድበትን ነገር ከሰው እጅ ሳልጠብቅ ራሴ መሥራት ብቻ ነበር፤ እየቆየ ሲሄድ ግን ወንዝን ልብ ብዬ ማየት የጀመርሁት ዝንብ ማሰር ከጀመርሁ ወዲህ መሆኑን ተረዳሁ።

ይህን ዓይነት ዓሣ ማጥመድ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። በተለመደው አኳኋን ሲጠመድ መንጠቆው ላይ ትል ወይም ሌላ ምግብ ይሰካል፤ በክሩ ላይ የታሰረው ክብደት ሲወረወር ክሩን እየጎተተ ይሄዳል። በዝንብ ሲጠመድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዝንቧ ክብደት የላትም ማለት ስለሚቻል ክብደቱን የሚይዘው ወፍራሙ ክር ራሱ ነው፤ አጥማጁም ዘንጉን ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወዛወዘ ክሩን አየር ላይ ይዘረጋና በጫፉ ባለው ቀጭን ክር ላይ የታሰረችውን ዝንብ ውኃው ላይ ቀስ አድርጎ ያሳርፋታል። ትራውት ቀዝቃዛና ንጹሕ፣ ኦክስጅን የበዛበት ውኃ የሚወድ ዓሣ ነው። በወራጁ ውስጥ ጉልበቱን ሳይጨርስ ሊቆም በሚችልበት ስፍራ፣ ለምሳሌ ከድንጋይ ጀርባ ወይም ፈጣኑና ዝግተኛው ውኃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ሆኖ፣ ወንዙ እያንከባለለ የሚያመጣለትን ነፍሳት እየመረጠ ይለቅማል። ዝንብ አሳሪው ማድረግ ያለበት ወንዙ ከሚያመጣቸው ነገሮች መካከል አንዱን መስሎ መቅረብ ነው።

መጀመሪያ ያሰርኋቸውን ዝንቦች አሁንም በአንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ጉድለት አላቸው፤ ወደ መንጠቆው ዓይን፣ ማለትም ቀጭኑ ክር ወደሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ተጠግተው ተጨናንቀዋል። ጀማሪ ከኩርባው ተነሥቶ ወደ ዓይኑ ሲመጣ ቦታው የሚያልቅ አይመስለውም፤ አካሉን ያወፍራል፣ ክንፉን ያክላል፣ ላባውን ይጠመጥማል፣ በመጨረሻ ቋጠሮው የሚያርፍበት ቦታ ሲያጣ ክሩን ዓይኑ ላይ ይከምረዋል። እኔ የዚህን ውጤት ያየሁት ወንዝ ዳር ቆሜ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ፣ ዓሣዎቹ በየቦታው ብቅ እያሉ፣ እኔ በክርና በሙጫ የተደፈነ የመንጠቆ ዓይን ይዤ ቀጭኑን ክር ላሳልፍ እታገል ነበር። በመርፌ ለመክፈት ሞከርሁ፤ መርፌው ክሩን በጥሶት ዝንቧ እጄ ላይ ተፈታች። ሌላ ዝንብ ሳወጣ እርሷም ያው ነበረች። ብርሃኑ ሲያልቅ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልወረውር ተመለስሁ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ማንኛውንም ዝንብ ሳስር ክሩን የምጀምረው ከዓይኑ ኋላ የአንድ ዓይን ርዝመት ያህል ባዶ ትቼ ነው፤ ያ ባዶ ቦታ እስከ መጨረሻው ቋጠሮ ድረስ አይነካም።

ስለ መሣሪያ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ሞርሳ፣ የክር መያዣ፣ መቀስና መርፌ ካሉ ሥራ መጀመር ይቻላል፤ ሌላው እየቆየ ይመጣል። አጥብቄ የምመክረው መቀሱ እስከ ጫፉ ድረስ ስል እንዲሆንና ለሽቦ ሌላ አሮጌ መቀስ እንዲለይለት ነው። መንጠቆዎች በቁጥር ይለያሉ፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ስለሚያንስ 18 ቁጥር ከ12 ቁጥር እጅግ ያነሰ ነው። እጅ እስኪለምድ 12 ወይም 14 ቁጥር ይሻላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዓይንን ያደክማል። መንጠቆው ሞርሳ ላይ ከመግባቱ በፊት ጫፉ ላይ ያለችውን መመለሻ እሾህ በፒንሳ ጨፍልቄ አስተኛታለሁ፤ ዓሣው ሲለቀቅ አፉ አይቀደድም፣ ከእኔም ጣት ቢገባ በቀላሉ ይወጣል። ይህ ከማሰር በፊት መደረግ አለበት፤ አንዳንድ መንጠቆ ሲጨፈለቅ ይሰበራልና፣ መሰበሩ ካልቀረ ባዶውን ሳለ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ክሩን ማወቅ ነው። የክር መያዣው ከመንጠቆው ላይ ተንጠልጥሎ በራሱ ክብደት ክሩን ወጥሮ ስለሚይዝ እጅ ሲያርፍ ሥራው አይፈታም፤ ሲጠመጠም ግን የሚወጥረው የሰው እጅ ነው። ክሩ የሚበጠስበት መጠን አለ፤ ጥሩ ዝንብ የምትታሰረው ከዚያ መጠን ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ይህን ለመማር አንድ ምሽት ሙሉ ባዶ መንጠቆ ላይ ሆን ብዬ ክር ስበጥስ አመሸሁ፤ ጣቴ ልኩን ያወቀው ያኔ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ችግር ላባን በመንጠቆው ግንድ፣ ማለትም ቀጥ ባለው ክፍሉ፣ አናት ላይ ማስቀመጥ ነው። ዝም ብለው ክሩን ሲጠመጥሙት ላባውን አብሮ ይዞት ወደ ጎን ይዞራል። መፍትሔው ላባውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከግንዱ ጋር ቆንጥጦ መያዝ፣ ክሩን በሁለቱ ጣቶች መካከል ላላ አድርጎ ማሳለፍ፣ ከላይ ትንሽ ቀለበት ትቶ ወደ ታች ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ቀለበቱ ሲጠብቅ ላባው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ጣቶቹ ከሦስተኛው ዙር በፊት መላቀቅ የለባቸውም። ይህን አንድ እንቅስቃሴ የያዘ ሰው ከዝንብ ማሰር ግማሹን ይዟል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ሰው አንዲት ዝንብ ብቻ እንድማር ንገረኝ ቢለኝ ሳላመነታ ፌዛንት ከተባለው ባለ ረጅም ጅራት ወፍ ላባ የምትሠራውን የፌዛንት ጅራት ኒምፍ እለዋለሁ። ኒምፍ የሚባለው ከነፍሳቱ መካከል ክንፍ ያላወጣውና በውኃ ውስጥ የሚኖረው ነው፤ የአንበጣ ልጅ ኩብኩባ ሆኖ እንደሚቆየው ማለት ነው። ይህችን ዝንብ ያወጣት ፍራንክ ሶየር በእንግሊዝ አገር በዊልትሻየር የኤቨን ወንዝ ጠባቂ ነበር፤ ወንዙን ሲጠብቅ ኖሮ ነፍሳቱ ሲዋኙ እግራቸውን ከአካላቸው ጋር አጣብቀው እንደሚይዙ ስላስተዋለ ዝንቡ ላይ እግር አላደረገባትም። ክርም አልተጠቀመም፤ በክር ፋንታ ቀጭን ቀላ ያለ የመዳብ ሽቦ ነበረው። ሽቦው አንድ ራሱን ሆኖ ያስራል፣ ያከብዳል፣ በላባው መካከልም ብልጭ እያለ ቀለም ይሰጣል። እኔም እንደዚያው አስራለሁ። መጀመሪያ ሽቦውን በግንዱ ላይ ዳርና ዳር አዳርሼ ደረቱ በሚሆንበት ቦታ ላይ ደግሜ እጠመጥመዋለሁ፣ እዚያ ላይ ትንሽ እብጠት ይሠራል። ከዚያ ከወንዱ ፌዛንት የጅራት ላባ ላይ ሦስት ወይም አራት ዘንጎች፣ ማለትም ከላባው መሐል ወደ ጎን የሚወጡትን ቀጫጭን ቃጫዎች፣ ጫፋቸውን አስተካክዬ እቆርጥና ጫፎቹ ከኩርባው አልፈው ጅራት እንዲሆኑ አስራቸዋለሁ። ቀጥሎ ዘንጎቹንና ሽቦውን ጥጥ እንደሚፈተል አንድ ላይ አክርሬ እስከ ዓይኑ ድረስ እጠመጥማለሁ። የተረፈውን የላባ ጫፍ በደረቱ ላይ ወደ ኋላ፣ ከዚያም ወደ ፊት እያጠፍሁ በሽቦ አስረዋለሁ። ይኸው ነው። በመብራቱ ሥር ጠጋ ብለው ሲያዩአት በላባው ዘንግ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጸጉሮች ተነሥተው እውነተኛው ኒምፍ በሆዱ ግራና ቀኝ ያሉትን መተንፈሻዎች ይመስላሉ፤ በደረቷ ላይ የታጠፈው ላባም ክንፍ የሚወጣበትን እብጠት ይመስላል፤ እውነተኛው ኒምፍ ሊወጣ ሲቃረብ ያ እብጠት ይጠቁራልና።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ድንጋይ በማገላበጥ ነው። ትራውት አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ከውኃው በታች ስለሆነ፣ ወንዝ ዳር እንደ ደረስሁ ዘንጌን ከመገጣጠሜ በፊት ከጥልቀት የለሹ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ድንጋይ አንሥቼ ሆዳቸውን አያለሁ። ጠፍጣፋ አካል ኖሮት ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ የሚሮጠው፣ ከአሸዋና ከስንጥር የራሱን ቤት ሠርቶ በውስጡ የሚኖረው የካዲስ እጭ፣ ሁለት ጅራት ያለው ትልቁ ስቶንፍላይ፣ ሁሉም እዚያው ነው። ያየሁትን ድንጋይ ወደ ነበረበት እመልሰዋለሁ፤ የእነርሱ ቤት ነው። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሜይፍላይ ነው። በውኃ ውስጥ ወራትን፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ወደ ውኃው ገጽ ይወጣል፤ ቆዳውን ሰንጥቆ ክንፍ ያወጣና ክንፎቹ እስኪጠነክሩ ድረስ እንደ ሸራ አቁሟቸው በውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ በርሮ ቅጠል ላይ ያርፍና ለሁለተኛ ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል። በዓለም ላይ ካሉት ነፍሳት ሁሉ ክንፍ ካወጣ በኋላ እንደገና ቆዳውን የሚቀይር ይህ ብቻ ነው። ክንፍ ካወጣ ወዲያ አይበላም፤ የሚበላበት አፍ የለውም። ይራባል፣ ሴቷ እንቁላሏን ውኃው ላይ ትጥላለች፣ ይሞታሉ።

ይህን በሚገባ አለማወቄ አንድ ምሽት ዋጋ አስከፍሎኛል። ነፋስ የለም፣ ውኃው እንደ መስተዋት ተኝቷል፣ ትራውቶቹ ሳይፈናጠሩ፣ ሳይረጩ፣ ቀለበት ብቻ እየተዉ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። እኔ ክንፏን ያቆመች፣ ላባዋ የተንጨፈረረ ዝንብ አስሬ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በላይ በላያቸው ላይ አሳለፍኋት፣ አንድም ዞር ብሎ ያያት የለም። ተስፋ ቆርጬ ነጭ መሐረቤን ወራጁ ላይ ዘርግቼ ጥቂት ጊዜ ያዝሁ። ሳነሣው ክንፋቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው የተለጠፉ ሜይፍላዮች አገኘሁበት፤ እንቁላላቸውን ጥለው የሞቱ ናቸው። ያን ጊዜ ቀለበቶቹ ለምን ዝግ እንዳሉ ገባኝ፤ የሞተ ነፍሳት አያመልጥም፣ ዓሣው መቸኮል አያስፈልገውም። ዳር ላይ ተቀምጬ በመቀስ የዝንቧን ላባ ከላይና ከታች ቆረጥሁት፣ ግራና ቀኝ ያለውን ብቻ ተውሁት፤ ዝንቧ ውኃው ላይ መቆሟ ቀርቶ ተነጥፋ ተኛች። በሦስተኛው ውርወራ ከዳር ያለው ትራውት አፉን ከፍቶ ቀስ ብሎ ወሰዳት። ስለ ዓሣው መጠን አልጽፍም፤ የዚያን ምሽት ያገኘሁት ትልቅ ነገር መሐረቡ ላይ ያለው ነበር።

የላባው አቆራረጥ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣበት ምክንያት ብርሃን በውኃ ገጽ ላይ ስለሚታጠፍ ነው። ትራውቱ ከሥር ወደ ላይ ሲያይ ከውኃ ውጭ ያለውን ዓለም የሚያየው በአናቱ ላይ ባለች ክብ መስኮት ብቻ ነው፤ መስኮቷ ከዓይኑ ተነሥታ ወደ 97 ዲግሪ ያህል ትሰፋለች። ከእርሷ ውጭ ያለው የውኃ ገጽ የወንዙን ወለል የሚያሳይ መስተዋት ነው። ክንፉን አቁሞ የሚንሳፈፍ ነፍሳት ወደ መስኮቷ ከመድረሱ በፊት ዓሣው የሚያየው እግሮቹ መስተዋቱን ሲጫኑት የሚፈጠሩትን የብርሃን ነጠብጣቦች ነው። ሃክል ተብሎ በመንጠቆው ዙሪያ የሚጠመጠመው የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ጫፎቹ ውኃውን ሳይቀዱ ተጭነውት ይቆማሉ። ስለዚህ ላባው ጠንካራና አብረቅራቂ፣ ርዝመቱም የመንጠቆው አፍ ስፋት፣ ማለትም በጫፉና በግንዱ መካከል ያለው ክፍተት፣ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ሊሆን ይገባል። የሞተው ሜይፍላይ ግን መስተዋቱን አይጫንም፣ ይጣበቅበታል።

ሰው ሠራሽ ነገር በበዛበት ዘመን አሁንም ላባና ጸጉር የምመርጠው ከልማድ የተነሣ አይደለም። የአጋዘን ጸጉር ውስጡ አየር የያዘ ስለሆነ ክር ሲያጠብቀው እንደ አበባ ፈንድቶ ይከፈታል፣ ይንሳፈፋልም። ከዳክዬ ጅራት ሥር፣ የዘይት ዕጢዋ ካለበት ዙሪያ የሚነቀለው ለስላሳ ላባ በትንፋሽ ይንቀሳቀሳል፣ በቀላሉም አይሰምጥም። የጥንቸል ጆሮ ጸጉር በሰም በተቀባ ክር ላይ ሲፈተል በጸጉሮቹ መካከል ጥቃቅን የአየር አረፋ ይይዛል። የጣዎስ ላባ ዘንግ ደግሞ ብርሃኑ በዞረ ቁጥር ከአረንጓዴ ወደ ነሐስ ቀለም ይለወጣል፤ የትኛውም ማቅለሚያ እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም። ለማክበጃ ብቻ አዲሱን ነገር እመርጣለሁ። እርሳስ መርዛማ ስለሆነ ትቼው በተንግስተን ዶቃ እጠቀማለሁ፤ ተንግስተን ከእርሳስም ከነሐስም ስለሚከብድ ትንሽ ዶቃ ፈጥና ትወርዳለች። አዲስ የገባ ላባ ሁሉ በተዘጋ ከረጢት ሆኖ ጥቂት ቀናት ማቀዝቀዣ ውስጥ በበረዶው ክፍል መቆየት አለበት። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ አንድ ሙሉ የአውራ ዶሮ አንገት ብል በልቶብኛል፤ ሣጥኑን ስከፍት የጠበቀኝ ዱቄትና ባዶ የላባ ግንድ ነበር።

የላባ ፍቅር ልክ ሊኖረው እንደሚገባም አምናለሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ትሪንግ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሌሊት በመስኮት የገባ አንድ ወጣት ዝንብ አሳሪ 299 የወፍ ቆዳዎችን ሰርቋል፤ ሳልሞን ለተባለው ዓሣ ለሚታሰሩት ጥንታዊ ዝንቦች የሚሆን ብርቅዬ ላባ ለማግኘት ሲል ነው። ከቆዳዎቹ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ዳግም የማያገኟቸው ነበሩ። ያ ታሪክ እስካሁን ያሳዝነኛል፤ በተለይ ሥራው እኔ ከምወደው ሥራ ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ። ለትራውት ዶሮ፣ ዳክዬና ጥንቸል ይበቃል። ደግሞም ከጥንት ጀምሮ በቅቷል፤ ከ1,800 ዓመታት ገደማ በፊት የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ኤሊያን በመቄዶንያ ወንዝ ስለነበሩ አጥማጆች ሲጽፍ፣ በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው ከአውራ ዶሮ ጉሮሮ ሥር የተነቀሉ ሁለት ላባዎችን ያስሩበት እንደነበር ይናገራል። የሰጠው ምክንያት ልቤን ይነካዋል፤ ወንዙ ላይ የሚበርረውን እውነተኛ ነፍሳት የሰው እጅ ሲነካው ቀለሙ ይጠፋል፣ ክንፉም ይጠወልጋል፣ ስለዚህ ለማጥመጃ አይሆናቸውም ነበር። በእጅ የማይያዝ ነገር ስለሆነ በእጅ ሠሩት።

ዝንብ አሳሪዎች የሚከራከሩበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ዝንብ አንዱን ነፍሳት እስከ እግሩ ጣት መምሰል አለባት ወይስ ብዙዎቹን በጥቂቱ ብትመስል ይበቃል? እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። አዳምስ የተባለችው ዝንብ ለዚህ ምስክሬ ናት። ሊዮናርድ ሃላዴይ በ1922 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት ለወዳጁ ለቻርልስ አዳምስ ያሰራት ሲሆን፣ ግራጫ አካልና ቡናማ ከነጠብጣብ ጋር የተቀላቀለ ላባ አላት። የአንድ የተለየ ነፍሳት መልክ የላትም፤ ነገር ግን ግራጫና ቡናማ የሆነ ነገር ሁሉ በሚበርርበት ውኃ ላይ ትሠራለች። ዓሣው ዝንቧን የሚያይበት ጊዜ አጭር ነው፣ እርሷም ከወራጁ ጋር እየሄደች ነው፤ የሚፈልገው ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ ቅርጽና በውኃው ላይ ትክክለኛ አቀማመጥ ነው። በእኔ ተሞክሮ ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው መጠን ነው፤ 14 ቁጥር የናቀው ዓሣ ያንኑ ዝንብ በ18 ቁጥር ሲቀርብለት ይወስዳል።

ከዚህ የተነሣ ከዓመት ወደ ዓመት ዝንቦቼ እየሳሱ መጥተዋል። በቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ወፍራም ናቸው፤ አሁን ላባውን አራት ዙር ከመጠምጠም ሦስት እመርጣለሁ፣ የጥንቸሉን ጸጉርም ክሩ ከሥር እስኪታይ ድረስ አሳሳዋለሁ። ከሞርሳው አጠገብ አንዲት የፌዛንት ጅራት ኒምፍ ቡሽ ላይ ሰክቼ አስቀምጫለሁ። 16 ቁጥር ናት። የትራውት ጥርስ ላባዋን በጣጥሶት የመዳቡ ሽቦ ግማሽ በግማሽ ወጥቷል፣ ከጅራቷም የቀረው አንድ ዘንግ ብቻ ነው፤ ባለፈው ወቅት ካሰርኋቸው ሁሉ ብዙ ዓሣ የወሰደው እርሷን ነው፣ በተለይም እንዲህ ከተበጣጠሰች በኋላ። ሰሞኑን እርሷን እያየሁ ሌሎች አሥራ ሁለት በማሰር ላይ ነኝ። ላባውን ከሦስት ዘንግ ወደ ሁለት ቀንሼ፣ ሽቦው በሆዷ ላይ ይበልጥ እንዲታይ አራርቄ እየጠመጠምሁ ነው፤ እስካሁን ሰባት ደርሰዋል፣ ስምንተኛዋ መንጠቆ እሾኋ ተጨፍልቆ ሞርሳው ላይ ናት።